«ሲመጣ» እንላለን እንጂ «ሲመጣል» አንልም



በእንግሊዝኛ ትምህርት ተማሪዎችን ከሚያስቸግሩ ነጥቦች አንዱ፣ ወደፊት ስለሚሆን ነገር ስንናገር «ዌን»፣ «ቢፎር»፣ «አፍተር»፣ «አንቲል» እና «አዝ ሱን አዝ» ከሚባሉት አያያዥ ቃላት ቀጥሎ የሚመጣው ግስ ነው። የተማሪ ደብተር ገልጦ ያየ ሰው «ዌን ዘ ሬይን ዊል ስቶፕ፣ አይ ዊል ጎ ሆም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳያጋጥመው አይቀርም። ትክክለኛው «ዌን ዘ ሬይን ስቶፕስ፣ አይ ዊል ጎ ሆም» ነው። በአማርኛ «ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቤት እሄዳለሁ» ማለት ነው።

ይህ ስሕተት በቀይ ብዕር ይሰረዛል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ለምን? በእኛ አስተያየት ሕጉ ከባድ ስለ ሆነ አይደለም። አማርኛ አፍ የፈታበት ተማሪ ይህን ሕግ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ማወቁን ግን የነገረው ሰው የለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ማሳየትና፣ ነገ ክፍል ስንገባ እንዴት ልናስተምረው እንደምንችል ሐሳብ ማቅረብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። የእንግሊዝኛውን ምሳሌ ሁሉ አነባበቡን በፊደላችን ጽፈነዋል። አንባቢው ደብተሩ ላይ ሲገለብጠው በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፈው።

፩. ሕጉ ምን ይላል?

ዓረፍተ ነገሩን በሁለት እንከፍለዋለን። «አይ ዊል ጎ ሆም» የሚለው ለብቻው መቆም ስለሚችል ዋናው ነው። «ዌን ዘ ሬይን ስቶፕስ» የሚለው ግን ለብቻው ቢነገር ሰሚው «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ጥገኛ ነው እንላለን።

ሕጉ አጭር ነው። ወደፊት መሆኑን የሚያመለክተው «ዊል» በዋናው ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንድ ጊዜ ይገባል። በጥገኛው ውስጥ አይደገምም፤ እዚያ የአሁን ጊዜ ግስ ይበቃል። «ሻል» ወይም «ጎይንግ ቱ» ቢሆንም ያው ነው። ዋናው ዓረፍተ ነገር የግድ «ዊል» ያለበት መሆን የለበትም፤ ትእዛዝም ሊሆን ይችላል። ፈተና ላይ የተቀመጠ ሁሉ የሚያውቀው ማስጠንቀቂያ አለ፤ «ዱ ኖት ተርን ዚስ ፔጅ አንቲል ዩ አር ቶልድ ቱ ዱ ሶ»፣ ማለትም «እስክትታዘዝ ድረስ ይህን ገጽ አትግለጥ»። ትእዛዙ የሚሰጠው ወደፊት ነው። ሆኖም «አንቲል ዩ ዊል ቢ ቶልድ» አላለም።

፪. ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው?

አንድ ንቁ ተማሪ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ ዝናቡ ገና አላቆመም እኮ! ታዲያ ለምን ስቶፕስ እንላለን?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን? «ሕግ ነው፤ ዝም ብለህ ያዝ» ማለት መልስ አይደለም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ተገቢ መልስ ይፈልጋል።

መልሱን ለማግኘት «ዊል» የሚለው ቃል ምን እንደሚሠራ መረዳት ያሻል። «ዊል» በጥንቱ እንግሊዝኛ «መፈለግ፣ መፍቀድ» የሚል ትርጉም የነበረው ግስ ነው። ዛሬም ከውስጡ የተናጋሪው ግምት፣ ውሳኔ ወይም ቃል ኪዳን አይጠፋም። ለዚህም ይመስላል፣ በ1985 እ.ኤ.አ. የታተመው የኳርክ፣ የግሪንባም፣ የሊችና የስቫርትቪክ ትልቅ የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ እንግሊዝኛ በግስ ቅርጽ የሚለያቸው ጊዜያት የአሁንና የኃላፊ ብቻ መሆናቸውን ገልጾ፣ «ዊል»ን ከሌሎች ረዳት ግሦች ጋር የሚያስቀምጠው።

«ዝናቡ ሲያባራ ወደ ቤት እሄዳለሁ» የሚል ሰው የሚናገረው ውሳኔ አንድ ነው፤ ይኸውም መሄዱ ነው። ዝናቡ እንደሚያባራ ትንቢት እየተናገረ አይደለም። ማባራቱን እንደ ታወቀ ነገር ወስዶ መሄዱን እዚያ ላይ ያስረዋል። ነገሩን በችካል ልንመስለው እንችላለን። በቅሎዋ በችካል ትታሰራለች፤ ችካሉ ግን የተተከለ ስለሆነ እሱን ማሰር አያስፈልግም። ዋናው ዓረፍተ ነገር በቅሎዋ ነው፤ ጥገኛው ችካሉ ነው፤ «ዊል» ደግሞ ገመዱ ነው። አንድ ገመድ ይበቃል።

ይህ የሁሉም ቋንቋ ጠባይ አይደለም። ፈረንሳይኛ በዚህ ዓይነቱ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በሁለቱም በኩል የትንቢት ግስ ያስገባል። በድሮው እንግሊዝኛም፣ ለምሳሌ በ1611 እ.ኤ.አ. በታተመው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ውስጥ፣ ከ«ዌን» በኋላ «ሻል» ብዙ ጊዜ ይገኛል። የዛሬው እንግሊዝኛ ግን ትቶታል። ደስ የሚለው ነገር አማርኛ በዚህ ጉዳይ ከዛሬው እንግሊዝኛ ጋር መቆሙ ነው።

፫. አማርኛችን ምን ይላል?

«ነገ ይመጣል» እንላለን። መጨረሻ ላይ ያለችው «-አል» ባዕድ መድረሻ ናት። አሁን በዚሁ ግስ ላይ «ሲ-» የሚለውን ባዕድ መነሻ እንጨምርበት። «ሲመጣ» ይሆናል። «ሲመጣል» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ሰምተን አናውቅም። «እስኪመጣ» እንጂ «እስኪመጣል» አይባልም። «ሲመጣ እነግረዋለሁ» ስንል ያችው መድረሻ የምትገኘው በዋናው ግስ ላይ ብቻ ነው። ልክ እንደ «ዊል» አንድ ጊዜ ትገባለች፤ በጥገኛው ውስጥ ግን አትደገምም።

«ሲመጣ» የራሱ የሆነ ጊዜ የለውም። «ትናንት ሲመጣ አየሁት» ብንል ያለፈ ነው፤ «ነገ ሲመጣ አየዋለሁ» ብንል ገና ነው። ቃሉ አልተለወጠም፤ ጊዜውን የሚያገኘው ከዋናው ግስ ነው። አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ሲሉ የመጀመሪያው «ሲሮጡ» ካለፈው መታጠቅ ጋር፣ ሁለተኛው ገና ከሚመጣው መፈታት ጋር ገጥሟል። ቅርጹ ግን አንድ ነው።

እንግዲህ ተማሪው ሕጉን ካወቀ ስሕተቱ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ ለማቅለል ሲባል የሚሰጥ አቋራጭ ነው። «ቱሞሮው ካያችሁ ዊል ጻፉ፤ የስተርደይ ካያችሁ ኃላፊ ጊዜ ጻፉ» ይባላል። ለአጭር ዓረፍተ ነገር ይሠራል። ሁለት ግስ ያለው ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ግን ተማሪው «ነገ» የሚለውን ሐሳብ ስላየ ባገኘው ግስ ሁሉ ላይ «ዊል» ይለጥፋል። ሁለተኛው ምንጭ ራሱ አማርኛው ነው፤ አማርኛ በአንድ በኩል ሲረዳን በሌላ በኩል ወጥመድ ያስቀምጣል። ወጥመዶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

፬. ሦስት ወጥመዶች

ሀ/ «ከ... በኋላ» እና «እንደ...»። «ዝናቡ ካባራ በኋላ እንሄዳለን» እንላለን። «አባራ» በቅርጹ ኃላፊ ጊዜ ነው፤ ነገሩ ግን ገና አልሆነም። «ደወሉ እንደተደወለ እንወጣለን» ስንልም «ተደወለ» ኃላፊ ነው። ተማሪው ይህን ቃል በቃል ሲመልስ «አፍተር ዘ ሬይን ስቶፕድ፣ ዊ ዊል ጎ» እና «አዝ ሱን አዝ ዘ ቤል ራንግ፣ ዊ ዊል ጎ አውት» ይላል። ሁለቱም ስሕተት ናቸው። በእንግሊዝኛ ዋናው ዓረፍተ ነገር ወደፊት ከሆነ ጥገኛው ወደ ኃላፊ ሊመለስ አይችልም። «አፍተር ዘ ሬይን ስቶፕስ» እና «አዝ ሱን አዝ ዘ ቤል ሪንግስ» ማለት ይገባል።

ለ/ «ሳይ-»። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ተረት «ከመቃጠሉ በፊት» ማለት ነው። አማርኛ ይህን ሐሳብ በአሉታ ይገልጸዋል። ተማሪው «ዝናቡ ሳይመጣ እንገባለን» የሚለውን ሲተረጉም አሉታውን ይዞ ይሄድና «ቢፎር ዘ ሬይን ዳዝ ኖት ካም» ይላል። በእንግሊዝኛ አሉታው በ«ቢፎር» ውስጥ ተጠቃሏል። ስለዚህ «ዊ ዊል ጎ ኢን ቢፎር ዘ ሬይን ካምዝ» ይባላል።

ሐ/ የልማድና የወደፊት መመሳሰል። «ሲዘንብ ቤት እንቀመጣለን» ማለት ሁልጊዜ የምናደርገው ሊሆን ይችላል፤ ነገ የምናደርገውም ሊሆን ይችላል። አማርኛው አይለየውም። እንግሊዝኛው ግን ይለየዋል፤ የሚለየውም በዋናው ዓረፍተ ነገር ነው። ለልማድ «ዌን ኢት ሬይንስ፣ ዊ ስቴይ አት ሆም»፣ ለነገው ደግሞ «ዌን ኢት ሬይንስ፣ ዊ ዊል ስቴይ አት ሆም» ይሆናል። ጥገኛው በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። በመሆኑም ተማሪው መጨነቅ ያለበት ስለ ዋናው ግስ ነው።

፭. «መቼ» የሚባለው መፈተኛ

አንዳንድ ተማሪ ሕጉን ከያዘ በኋላ «ከዌን በኋላ ዊል ፈጽሞ አይገባም» ብሎ ይደመድማል። ይህ ደግሞ ሌላ ስሕተት ነው። «አይ ዱ ኖት ኖው ዌን ሂ ዊል ካም» ትክክል ነው። እንዴት?

እዚህ ላይ አማርኛችን ጥሩ መፈተኛ ይሰጠናል። እንግሊዝኛ «ዌን» የሚለውን አንድ ቃል ለብዙ ሥራ ያውለዋል፤ አማርኛ ግን ሥራውን በተለያየ ቃል ይከፋፍለዋል። «ዌን» በአማርኛ «ሲ-» ከሆነ «ዊል» አይገባም። «መቼ እንደሚ-» ወይም «የሚ-...በት ቀን» ከሆነ ግን «ዊል» ሊገባ ይችላል። «መቼ እንደሚመጣ አላውቅም» የሚለው ችካል አይደለም፤ የማይታወቀው ነገር ራሱ መምጫው ነው። «ውጤት የሚነገርበትን ቀን አናውቅም» የሚለውም እንደዚሁ ነው።

ልዩነቱ የነጥብ ማግኛ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። አንድ መምህር ለተማሪዎቹ፣

«አይ ዊል ቴል ዩ ዌን ዘ ሪዘልትስ ካም» ቢል፣ ውጤት ሲመጣ እነግራችኋለሁ ማለቱ ነው።

«አይ ዊል ቴል ዩ ዌን ዘ ሪዘልትስ ዊል ካም» ቢል ግን፣ ውጤት መቼ እንደሚመጣ እነግራችኋለሁ ማለቱ ነው።

የመጀመሪያውን የሰሙ ተማሪዎች ውጤቱ እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ሁለተኛውን የሰሙ ቀኑ እንዲነገራቸው ይጠብቃሉ። አንዲት «ዊል» ስትጨመር የመምህሩ ቃል ኪዳን ተለወጠ ማለት ነው።

፮. «ሃቭ» የሚያስፈልገው መቼ ነው?

«መጽሐፉን ሳነብ እሰጥሃለሁ» የሚል ሰው ቢኖር ጓደኛው «እያነበብክ እንዴት ትሰጠኛለህ?» ብሎ ይስቅበታል። «መጽሐፉን አንብቤ ስጨርስ እሰጥሃለሁ» ማለት ነበረበት። በእንግሊዝኛም ያው ነው። እንደ ማንበብ፣ መጻፍና መብላት ያለ ጊዜ የሚወስድ ሥራ ሲሆንና ማለቁ ሲፈለግ «ሃቭ» ይጨመራል። «ዌን አይ ሃቭ ሬድ ዘ ቡክ፣ አይ ዊል ጊቭ ኢት ቱ ዩ» ይባላል።

እንደ መድረስ፣ መደወልና ማቆም ያለው ድርጊት ግን በቅጽበት የሚፈጸም ስለሆነ ያለ «ሃቭ» ይበቃዋል። ከ«አፍተር» በኋላ ሁለቱም ያስኬዳሉ፤ ምክንያቱም ቀዳሚና ተከታዩን ቃሉ ራሱ ይለያል። ተማሪ ሲምታታበት በአማርኛው ቦዝ አንቀጽ ሊፈትነው ይችላል። «ጨርሼ»፣ «አንብቤ»፣ «በልቼ» የሚሉት ሐሳቡ ውስጥ ከገቡ «ሃቭ» መፈለጉን ይጠርጥር።

ሁለት ሥራ ጎን ለጎን ሲሄድ ደግሞ «ዋይል ዩ አር ራይቲንግ፣ አይ ዊል ሪድ» ይባላል፤ «አንተ ስትጽፍ እኔ አነባለሁ» ማለት ነው። እዚህም ቢሆን «ዊል» አንድ ብቻ ነው።

፯. በክፍል ውስጥ እንዴት እናስተምረው?

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ደነገገ። ሁለተኛ ደረጃ የገባ ተማሪ በኬሚስትሪ መጽሐፉ ላይ «ስተር አንቲል ዘ ሶልት ዲዞልቭስ» የሚል ትእዛዝ ያገኛል። «ጨው እስኪሟሟ ድረስ አማስል» ማለት ነው። «አፍተር ዘ ዋተር ሃዝ ኩልድ» የሚለውን ሲያነብም ውሃው ቀድሞ የቀዘቀዘ መስሎት ቀጣዩን ሥራ ከጀመረ ሙከራው ይበላሻል። ስለዚህ በታችኛው ክፍል የሚዘራው ስሕተት በላይኛው ክፍል በሌላ ትምህርት ውስጥ ይበቅላል። ዘሪዎቹም እኛ ልንሆን ነው።

የሚከተለውን አካሄድ ሞክረን ብንወያይበት መልካም ነው።

አንደኛ፦ ትምህርቱ በአማርኛ ይጀመር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ሲመጣ» እና «ሲመጣል» ብለን ጽፈን የትኛው ትክክል እንደሆነ እንጠይቅ። ልጆቹ መሳቃቸው አይቀርም። «አያችሁ፣ ሕጉን ታውቁታላችሁ» ብለን ወደ እንግሊዝኛው እንሻገር። ሌላ አፍ መፍቻ ቋንቋ ባለበት አካባቢ የሚመደብ ባልደረባችን ደግሞ ልጆቹን «በእናንተ ቋንቋ እንዴት ይባላል?» ብሎ በመጠየቅ ከእነሱው ይማር።

ሁለተኛ፦ «ዊል» ይቆጠር። ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን ከጻፈ በኋላ ሁለት «ዊል» ካገኘ ቆም ብሎ «ሲ-» ነው ወይስ «መቼ» ነው ብሎ ይጠይቅ።

ሦስተኛ፦ የ«ስ» ነገር አይረሳ። «ዊል ስቶፕ» ሲባል ግሱ «ስ» የለውም። «ዊል» ሲወጣ ግን ለ«ሂ»፣ ለ«ሺ» እና ለ«ኢት» «ስ» መግባት አለበት። ብዙ ተማሪ «ዊል»ን አውጥቶ «ዌን ዘ ሬይን ስቶፕ» ብሎ ይተዋል። አንዱን ስሕተት በሌላ ለወጠ እንጂ አላረመም።

አራተኛ፦ ቦታ ይቀያየር። በአማርኛ ጥገኛው ከዋናው ግስ ይቀድማል። በእንግሊዝኛ ግን በፊትም በኋላም ሊሆን ይችላል። ከፊት ከሆነ ነጠላ ሰረዝ ይከተለዋል፤ ከኋላ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አያስፈልገውም። ተማሪዎች በሁለቱም መንገድ ይለማመዱ።

አምስተኛ፦ ከሁሉ በላይ ደግሞ የየዕለት ትእዛዛችንን በዚሁ ቅርጽ እንስጥ። «ዌን ዩ ፊኒሽ፣ ፑት ዳውን ዩር ፔንስ»፣ «ዌይት አንቲል አይ ኮል ዩር ኔም»፣ «ክሊን ዘ ብላክቦርድ ቢፎር ዩ ጎ»። ልጁ በየቀኑ እየሰማ ሲታዘዘው፣ የሰዋስው ትምህርቱ ሲመጣ የሚያውቀውን ነገር ስም ማውጣት ብቻ ይሆናል።

፰. መልመጃ

አንባቢያን የሚከተሉትን ወደ እንግሊዝኛ መልሱ። መልሱን ከመሥራታችሁ በፊት አትመልከቱ።

1. አባቴ ሲመጡ ደብዳቤውን አሳያቸዋለሁ።
2. ደወሉ ሳይደወል ክፍል እንገባለን።
3. ፈተናው መቼ እንደሚጀመር አናውቅም።
4. ምሳ ከበላን በኋላ ኳስ እንጫወታለን።
5. መብራት እስኪመጣ ድረስ እንጠብቃለን።

መልስ፦ 1. ዌን ማይ ፋዘር ካምዝ፣ አይ ዊል ሾው ሂም ዘ ሌተር። 2. ዊ ዊል ጎ ኢንቱ ክላስ ቢፎር ዘ ቤል ሪንግስ። 3. ዊ ዱ ኖት ኖው ዌን ዘ ኤግዛም ዊል ቢጊን። 4. አፍተር ዊ ሃቭ ኢትን ላንች፣ ዊ ዊል ፕሌይ ፉትቦል። («አፍተር ዊ ኢት» ያለም አልተሳሳተም።) 5. ዊ ዊል ዌይት አንቲል ዘ ፓወር ካምዝ ባክ።

በመጨረሻም፣ መምህራኖቻችን በዚህ ጽሑፍ ላይ የሚጨምሩትም ሆነ የሚያርሙት ነገር ቢኖር በደስታ እንቀበላለን፤ ዕጩ መምህራን ጓደኞቻችንም ከማስተማር ልምምድ ስትመለሱ ያያችሁትን ጻፉልን። ልጅ የተሳሳተ ልማድ ከያዘ በኋላ ማስተዉ ከባድ ነው። አባቶች «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ያሉት ለዚህ ነው። ይህንንም ተረት ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ሰው ካለ፣ «ሳይ-» ምን እንደምትሆን አይርሳ።